ለፔጆ 404 የትኛው ካምቢዮ ይሻላል?

ፔጆ 404ህ ላይ የቶዮታ ሞተር ልትገጥም ነው። ካምቢዮው የትኛው ይሁን፣ ማርሽ ማስገቢያውስ ከመሪው ሥር ወደ ወለል ይውረድ ወይ ላልከው፦ ከሞተሩ ጋር የመጣውን ባለ 5 ማርሽ ከነፍሪሲዮኑ ውሰድ። ማስገቢያውም ወለል ላይ ይሁን። የመሪውን ለማትረፍ ዘንግ ስትቀጣጥል ይላላል፤ ማርሹም አልገባ ይላል።

ከባዱ ነገር ከኋላ ነው። የ404 ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ እንደ ቶዮታ ክፍት አይደለም፤ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ቱቦው ደግሞ ከዲፍረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች ከሚያካፍለው ጥርስ) ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ዲፍረንሻሉንም አብረህ ለመቀየር ተዘጋጅ።

ወለሉን ከመቁረጥህ በፊት ካምቢዮውን ቦታው ላይ አስቀምጥና ወንበሩን ግጠም። ተቀመጥበትና 2ኛና 4ኛን አስገባ። ወደ ኋላ የሚሳቡት እነሱ ናቸው፤ ወንበሩን ከነኩ ማስገቢያውን አጣመህ አሠራው።

እኔ የተቃጠልኩት በዲፍረንሻል ነው። ለሜዳ ፍጥነት ብዬ ፈጣኑን መረጥኩ። ከድሬ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ 3ኛ አልጎትት አለኝ፤ በ1ኛና በ2ኛ ስታገል ፍሪሲዮኑ ሸተተ። አንተ ዳገት የሚችለውን ምረጥ፤ ለሜዳው 5ኛ ማርሽ አለህ።