ጥያቄና መልስ፦ ከጣና አጠገብ ስለደረቀ ጉድጓድና ስለማይወስን ሞዴል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ዳርቻ ነው የምኖረው። የግቢያችን የእጅ ጉድጓድ 12 ሜትር ይጠልቃል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ግን ባልዲው ጭቃ ይዞ ይወጣል። ሐይቁ ከ3 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ጣና እያለ እንዴት ይደርቃል?

መልስ፦ ርቀቱን ይተዉትና ከፍታውን ይዩ። የጣና ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። የጉድጓድዎ አፍ 1,802 ሜትር ላይ ቢሆን ወለሉ 1,790 ላይ ያርፋል፤ ከሐይቁ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ውሃው የሚሄደው ከግቢዎ ወደ ጣና እንጂ ከጣና ወደ ግቢዎ አይደለም። እርስዎ የሚቀዱት በጉዞ ላይ ያለውን የክረምት ዝናብ ነው፤ እሱም እስከ ግንቦት እየወረደ ይሄዳል። ከፍታውን በስልክ አይለኩ፤ ስህተቱ ከ4 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የቀያሽ ሌቭል ያስፈልጋል።

ውሃው ከጉድጓዱ አፍ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንዳለ ግን ራስዎ ይለኩ። በሜትር ጫፍ ትንሽ ብረት ይሰሩ፣ የታችኛውን አንድ ሜትር ጠመኔ ይቀቡ፣ ማለዳ ማንም ሳይቀዳ ያውርዱ። በጉድጓዱ አፍ ካደረጉት ቋሚ ምልክት ጋር የሚገጥመውን ቁጥር ያንብቡና ከእሱ ላይ የራሰውን ርዝመት ይቀንሱ። በየሳምንቱ ይመዝግቡ። ማጥለቅ ካለብዎት ውሃው በጣም በሚወርድበት በግንቦት ያስቆፍሩ፤ በኅዳር የሚቆፍር ሰው ውሃ ቶሎ ስለሚያገኝ ቶሎ ያቆማል፣ በበጋ ይጸጸታል። የቤንዚን ሞተር ግን ፈጽሞ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይወርድ፤ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ወደ ጣና በሚፈሰው በእንፍራንዝ ወንዝ አካባቢ የ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ሞዴል በሞድፍሎው፣ የከርሰ ምድር ውሃን ፍሰት በሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሠርቻለሁ። ሰርጎ የሚገባውን ውሃ በዓመት 150 ሚሊ ሜትር ባደርገውም፣ ኮንዳክቲቪቲውን (መሬቱ ውሃ የማሳለፍ አቅሙን) አብሬ ጨምሬ 300 ባደርገውም ከ18ቱ ጉድጓዶች የውሃ ከፍታ ጋር እኩል ይገጥማል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ በእነዚህ መረጃዎች ብቻ አንዱን ከሌላው መምረጥ አይቻልም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዳርሲ በ1856 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የሚፈሰው ውሃ የኮንዳክቲቪቲና የተዳፋትነት ብዜት ነው። የጉድጓዶቹ የውሃ ከፍታ የሚነግርዎ ተዳፋቱን ብቻ ስለሆነ፣ የሚገባውን ውሃም ኮንዳክቲቪቲውንም እጥፍ ሲያደርጓቸው ከፍታው ንቅንቅ አይልም። ጣናን በቋሚ ከፍታ ወሰን አድርገው ካስገቡት ደግሞ የላኩለትን ሁሉ ይቀበላል፤ ሞዴሉ ስህተትዎን አያሳይዎትም።

ስለዚህ የሚወጣውን ውሃ ይለኩ። በእርስዎ ስፋት 150 ሚሊ ሜትር ማለት በሰከንድ 475 ሊትር ያህል ነው፤ 300 ደግሞ 950 ሊትር። ይህን የሚያህል ውሃ ተደብቆ አይቀርም። በጥርና በየካቲት፣ ዝናብ በሌለበት፣ ምንጮቹንና ወንዙን በተለያየ ቦታ ይለኩ፤ ለከተማው የሚሳበውንና የመስኖ ፓምፖቹን ይደምሩ።

ቀጥሎ ኮንዳክቲቪቲውን በፓምፕ ሙከራ ይያዙት። በሰከንድ 5 ሊትር፣ በቀን 432 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው፣ እየሳቡ የውሃው ገጽ ሰዓቱ አሥር እጥፍ በሆነ ቁጥር 2 ሜትር ቢወርድ፣ 0.183 በ432 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል ትራንስሚሲቪቲው፣ ማለትም ውሃ አዘሉ ንብርብር በሙሉ ውፍረቱ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ፣ በቀን 40 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በተሰነጣጠቀ ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ግን አንድ ሙከራ የሚናገረው ስለዚያ ስንጥቅ ነው፤ ጎረቤቱ ጉድጓድ አሥር እጥፍ ቢለይ አይደንግጡ። ደጋግመው የምናያቸው ስህተቶች ሁለት ናቸው፦ ፓምፕ እየሠራ የተለካ ከፍታ፣ እና ከሳተላይት ካርታ የተወሰደ የጉድጓድ አፍ ከፍታ።

የለኩት ድምር ዝቅተኛው ወሰን ነው፤ ደንገሉ፣ ባሕር ዛፉና ከመሬት በታች ወደ ሐይቁ የሚገባው አልተቆጠረምና። ድምሩ 600 ሊትር ከሆነ የ150 ሚሊ ሜትሩ ግምት ውድቅ ይሆናል፤ ይህም የምንጮቹ ውሃ ከተፋሰሱ ወሰን ውጭ አለመምጣቱን ካረጋገጡ ነው፤ ባዛልት ውስጥ ያለ ውሃ የላይኛውን የተራራ ወሰን ሁልጊዜ አይከተልም። ድምሩ 400 ከሆነ ሁለቱም ግምቶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ጊዜ አንዱን መርጠው ሳይሆን ሁለቱንም እንደ ክልል አድርገው ጽሑፍዎ ውስጥ ያስፍሩ።