የጓደኛዬን እህት ወደድኳት፤ ልንገረው?

ጥያቄ

ሰላም እትዬ። 17 ዓመቴ ነው፣ 12ኛ ክፍል ነኝ፤ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ሰፈር ከገባን ጀምሮ የማልለየው ጀለስ አለኝ። እናቱ ከልጆቻቸው ለይተው አያዩኝም፣ ምሳ ሰዓት ከደረስኩ ሳልበላ አልወጣም። ታናሽ እህቱ 16 ዓመቷ ነው፣ 10ኛ ክፍል። እኔና እሷ አንድ ትምህርት ቤት ነን፣ እሱ ሌላ ጋ ነው የሚማረው። እናትየው «የታክሲ ሰልፉ እያስመሸ ነው፣ አንተ ይዘሃት ና» አሉኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ፎንቃ ያዘኝ። እሷም ትወደኛለች። አሁን ከታክሲ ወርደን ቶሎ አንገባም፤ ሰው ያልገባበት ብሎክ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። ባለፈው አንዲት ጎረቤታቸው አዩን። ጓደኛዬ «የጓደኛ እህት እህት ናት» ባይ ነው፣ ቢሰማ አይለቀኝም። ቤተሰቦቿም አጥባቂ ናቸው። ልንገረው ወይስ 12ኛን ጨርሼ እስክሄድ ዝም ልበል?

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ውስጥ ጓደኛህ አለ፣ እናቱ አሉ፣ ጎረቤትየዋ ሳይቀሩ አሉ። ልጅቷ ግን የደረሳት «እሷም ትወደኛለች» የምትል ነገር ብቻ ናት። ለመሆኑ ይነገር አይነገር በሚለው ላይ እሷ ምን ትላለች? ጠይቀሃታል?

ይህን የምልህ ወድጄ አይደለም። ነገሩ ቢወጣ አንተን የሚያገኝህ ከጓደኛህ ጋር መኳረፍ፣ ከአባትህ ቁጣ፣ ሲበዛ አንድ ጥፊ ነው። ትንሽ ሰንብቶ «ልጅነት ነው» ተብሎ ይታለፍልሃል። እሷ ግን ስልኳ ይቀማል፣ ሱቅ እንኳ ብቻዋን መላክ ይቀራል፣ ሲብስ ደግሞ «አክስቷ ጋ ትሂድ» ተብሎ በመሀል ዓመት ከትምህርት ቤቷ ትወጣለች። ቡና በተፈላ ቁጥር ስሟ ይነሳል። ልክ ነው አላልኩም፤ ግን የሰፈራችንን ነገር ታውቀዋለህ። (በጥምቀት ሎሚ የወረወሩ አባቶች ናቸው እኮ ዛሬ የልጃቸውን ቴሌግራም የሚበረብሩት!)

መውደድህ አላስደነገጠኝም። በዚህ ዕድሜ ልብ ካልደነገጠ መቼ ሊደነግጥ ነው? ያልወደድኩት ደረጃውን ነው። እናትየው ልጃቸውን ለአንተ የሰጡህ እንዳይመሽባት ብለው ነው፣ አንተ ደግሞ እያስመሸሃት ነው። ያውም ሰው በሌለበት ብሎክ። ከነገ ጀምሮ ከታክሲ ስትወርዱ ቀጥታ ወደ ቤት። የምታወሩትን ሰልፉ ላይ አውሩት፣ እሱም ረጅም ነው።

ሌላም አለ፣ ሳላፍር ልንገርህ። ነገሩ ከወሬ እንዳያልፍ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር የሚደረግን ወሲብ በወንጀልነት ይቀጣል፤ «ፈቅዳ ነው» ማለት አያድንህም። አንተ በቅርቡ 18 ትሞላለህ፣ እሷ ግን ገና ናት።

«እስክሄድ ዝም ልበል» ያልከውን ደግሞ እስቲ አስበው። አንተ ትሄዳለህ፤ እሷ፣ ወንድሟና ያዩዋችሁ ሴትዮ እዚያው ይቀራሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ብዙ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው የሚፈተነው፣ ስልክም ይዞ መግባት አይቻልም። ወሬው በዚያ ሰሞን ቢፈነዳስ? ለብቻዋ ልትጋፈጠው ነው፣ ደውላ እንኳ አታገኝህም።

ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ጠይቃት። «አይነገር» ካለች አትናገርም፣ ግን ሴትዮዋ እንዳዩዋችሁ አስታውሳት፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወሬ ፎቅ ለመውጣት አሳንሰር አይፈልግም። «ይነገር» ካለች ለእናቷ ራሷ ብትነግራቸው ይሻላል። ከጎረቤት ሰምተው ከሚጠሯት ከራሷ አፍ ቢሰሙት ቁጣቸው ቢያንስ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ቀኑንም እሷ ትምረጥ፤ የእናቷን ጠባይ ከእኔም ከአንተም በላይ ታውቃለች።

ለጓደኛህ ግን አንተ ነህ የምትነግረው። በቴክስት እንዳታደርገው። ልጆች በተሰበሰቡበትም አይሆንም። ለብቻው ወስደህ፣ ሳታንዛዛ፣ «እህትህን ወድጃታለሁ፣ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም» በለው። ይቆጣል። ይስደብህ፣ አትከራከረው። እሷ ላይ እንዳይጮህ ብቻ ለምነው።