አባትሽ «መካኒክ ብቻ» ስላሉት ነገር

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና መግቢያ ፈተናውን አልፈሻል፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አንቺ ግን ከልጅነትሽ የምትመኚው አብራሪነትን ነው። አባትሽም «ልጄ መካኒክ ብቻ ሆና አትቀርም» ብለው፣ ለአራት ልጆች ያስቀመጡትን ቦታ ሸጠው ውጭ አገር የግል የበረራ ትምህርት ቤት ሊልኩሽ ቆርጠዋል። መነጽር ማድረግሽና ሴት መሆንሽም ያሳስብሻል።

መነጽር በራሱ አብራሪ ከመሆን አያግድም፤ የሕክምና መስፈርቱን ጠይቂ። ሴት መሆንሽም አያስጨንቅሽ፤ ሀንጋር (አውሮፕላን የሚጠገንበት አዳራሽ) ውስጥ ብዙ ያስተማሩኝ ሴቶች ናቸው።

እኔን የቆረቆረኝ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት።

በሞተር የሚሄድ አውሮፕላን ቀድመው ያበረሩት አሜሪካውያን ራይት ወንድማማቾች፣ ዊልበርና ኦርቪል፣ አውሮፕላናቸውን ሲሠሩ፣ ለብዙ ፋብሪካዎች ጽፈው የሚፈልጉትን ክብደቱ ቀላል የሆነ ሞተር አጡ። ሞተሩን የሠራላቸው በብስክሌት ሱቃቸው በሳምንት 18 ዶላር ተቀጥሮ የነበረው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር ነው። ክራንክሻፍቱን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ለማውጣት ወፍራም ብረት ላይ ቅርጹን ሥሎ፣ ዳር ዳሩን በትራፓኖ በሳ፤ ትርፉን በመሮና በመዶሻ አንኳኩቶ ጣለ፤ ከዚያ በቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን) አስተካከለው። 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው ሞተር በስድስት ሳምንት ደረሰ። ታኅሣሥ 1903 እ.ኤ.አ. ኦርቪል ራይት ለ12 ሰከንድ የበረረው በዚያ ሞተር ነው።

ግንቦት 14 ቀን 1908 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ዊልበር ራይት አንድ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ተነሳ። በአሜሪካ በአውሮፕላን የተሳፈረው የመጀመሪያው መንገደኛ ማን ይመስልሻል? ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት አልነበረም፤ ቻርልስ ፈርናስ የሚባል፣ ሊያግዛቸው የመጣ መካኒክ ነው። በረራው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። በዚያው ቀን ኦርቪል ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞት በረረ።

ይህ ሙያ ምን ያህል እንደሚከብድም ልንገርሽ። በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን፣ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ኦርቪል መቶ አለቃ ቶማስ ሰልፍሪጅን ይዞ ሲበር ፕሮፔለሩ (አውሮፕላኑን የሚገፋው ተሽከርካሪ መቅዘፊያ) ተሰነጠቀ፤ የጭራውን ሽቦ መታ፤ አውሮፕላኑ ወደቀ። መቶ አለቃው ሞተ፤ ኦርቪል እግሩና የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ። አንድ ስንጥቅ ይህን ያህል ያደርሳል።

እኔ ሀንጋር ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ለበረራ ብቁ ነው» ብዬ የፈረምኩት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ብዕሩን ይዤ፣ ባትሪ አብርቼ ተመልሼ አንዷን ማሰሪያ ሽቦ በጣቴ ነካኋት፤ ከዚያ ፈረምኩ። ጠዋት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሳፈሩ ቆሜ አየሁ። አባትሽ ያንን ፊርማ ቢያዩ «ብቻ» አይሉም ነበር።

ምኞትሽን ግን አልንቅም። ቴይለርም መብረር ይመኝ ነበር፤ ወንድማማቾቹ አላስተማሩትም። ያንቺ በር እንደሱ አልተዘጋም፤ ጥገና ተምረው፣ ሠርተው፣ ራሳቸው ቆጥበው ወደ በረራ የተሻገሩ አውቃለሁ። የበረራ ፈቃድ ይዘው ዓመታት ሥራ የጠበቁም ብዙ አጋጥመውኛል፤ የቤተሰባቸው ቦታ ግን ተሽጦ አልቋል።

ስለዚህ አባትሽ ቦታውን አይሽጡ። የሦስቱ ታናናሾችሽ ድርሻ ነው፤ ይህን በግልጽ ንገሪያቸው። የሚያፍሩት ከጎረቤት ወሬ ከሆነ ደግሞ ወሬው የቤት ኪራይ አይከፍልላቸውም።

ሰነዶችሽን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ተመዝገቢ። አባትሽ ካልተስማሙ ስልካቸውን ላኪልኝ፤ እኔው ደውዬ አነጋግራቸዋለሁ።