ጥያቄና መልስ፦ የሥነ ልቡና ሕክምና እምነቴን ይጋፋብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ነው። ወንድሜን ከቀበርኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ «እግዚአብሔር ትቶኛል» የሚል ሐሳብ አልለቅሽ ብሎኛል። ሆስፒታል የምታየኝ ባለሙያ ሐሳቤን በደብተር እየጻፍኩ እንድመረምረው ነገረችኝ። ጎረቤቶቼ ግን «ጠበል እያለ ይሄ ምን ይሉታል?» ይሉኛል። እምነቴን ይጋፋብኝ ይሆን? ስለ ጸሎቴስ ልንገራት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የወንድምሽንም ነፍስ ይማር። እምነትሽን አይጋፋም። ስለ ጸሎትሽም ሳትሳቀቂ ንገሪያት።

ሲቢቲ (የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና) የሚባለውን ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ ነው። ያዘነ ሰው ድንገት የመጣበትን ሐሳብ ሁሉ እውነት አድርጎ ይይዘዋል፤ ሕክምናው ያንን ሐሳብ «በምን አወቅሁ?» ብሎ መጠየቅን፣ የተዉትንም ሥራ በጥቂት በጥቂቱ መጀመርን ያስተምራል። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የበረሃ አባቶች የመጣውን ሐሳብ ሁሉ ሳይመረምሩ አያስገቡም ነበር። ዳዊትም በመዝሙር 41 «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» ብሎ የገዛ ነፍሱን ይጠይቃል፤ ሐዘኑን ግን አልካደም።

ሕክምናውን ከእምነት ጋር ማያያዝም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና የዱክ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሃሮልድ ኮኒግ የመራው ጥናት ድባቴና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን 132 ሰዎች ያካተተ ነበር። ከእምነት ጋር የተያያዘው ሕክምና ከተለመደው አላነሰም፤ እምነታቸው ለጠነከረ ሰዎች እንዲያውም ጥቂት የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

እስኪ ደብተርሽን እንክፈት። «እሑድ ቅዳሴ አልደረስኩም» ብለሽ ጻፊ። ከጎኑ የመጣብሽን ሐሳብ፦ «እግዚአብሔር ጠልቶኛል»። ቀጥሎ ማስረጃውን፦ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሽም፣ እህል አልቀመስሽም። ኤልያስ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ባለ ጊዜ መልአኩ አልተቆጣውም፤ እንጎቻና ውኃ አቅርቦ «ብላ» አለው፣ ተመልሶ ሲተኛም ታገሠው (1ኛ ነገሥት 19)። መልስሽን ከዚህ ቀድተሽ ጻፊ። ቅዳሴውን ሙሉ መቆም ከከበደሽም ለጊዜው ለኪዳን ብቻ ደርሰሽ ተመለሺ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ ጥቅስ መግረፊያ አይሁንብሽ። «ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ» እያሉ ኀዘንተኛን የሚያስጨንቁ አሉ፤ ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል።

ጠበሉን አትተዪ፤ ክኒን ታዞልሽ ከሆነም በራስሽ አታቋርጪ። በባዶ ሆድ ጠበል የምትጠጪ ከሆነ ክኒኑን በየትኛው ሰዓት እንደምትውጪ ሐኪምሽን ጠይቂ። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር የሚለው እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ስለሆነ ነው።

ራስሽን ለማጥፋት የሚገፋፋ ሐሳብ ከመጣብሽ ደብተሩንም ቀጠሮውንም አትጠብቂ። ብቻሽን አትሁኚ፤ ሰው ይዘሽ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ፣ ለንስሐ አባትሽም አስደውዪ።