ጊዜያዊው ሥራ ሲያልቅስ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አራት ዓመት ሥራ ፈትቼ ከቆየሁ በኋላ በከተማ ሴፍቲኔት የአካባቢ ልማት ሥራ ገብቻለሁ። ከቤታችን ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። በሚቀጥለው ዓመት የሥራ ቀኑ ይቀነሳል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው? የሚቆረጥብንን ቁጠባስ አሁን ማውጣት አይቻልም?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ የሰሙት ልክ ነው፤ ቅጣት ግን አይደለም። ሴፍቲኔቱ፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦች በጊዜያዊ ሥራ ክፍያ የሚያገኙበት የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ2009 ዓ.ም. ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ለአንድ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 60፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20 የሥራ ቀን ተብሎ ነው የተነደፈው፤ ከአንድ ቤተሰብ እስከ 4 ሰው። ለሦስት ሰው 180፣ 120፣ 60 ቀን ይሆናል። በመነሻው የ60 ብር የቀን ክፍያ ቢሰላ፣ በመጀመሪያው ዓመት 10,800 ብር ያገኘ ቤት በሦስተኛው የሚያገኘው 3,600 ብር ነው። የእናንተን የአሁኑን ተመንና የቀን ብዛት ከወረዳ ጠይቀው በዚሁ መንገድ ያስሉት።

ከክፍያው 20 በመቶ የሚቀመጠው ለዚያ ለቀጭኑ ዓመት ነው። በላይኛው ስሌት በሦስት ዓመት 4,320 ብር ይጠራቀማል። ለዕለት ወጪ ታስቦ የተቀመጠ ስላልሆነ አሁን አወጣዋለሁ ብለው አያቅዱ። ቁጠባው ጉልበት የሚያገኘው ከኑሮ ማሻሻያ ድጋፉ ጋር ሲደመር ነው። ድጋፉ በመነሻው 500 ዶላር የሚያህል ብር የነበረ ሲሆን፣ ከቤተሰቡ ለአንድ ሰው ሠልጥኖ የሥራ ዕቅድ ሲያቀርብ ይሰጣል። ማን ይውሰድ የሚለውን ዘንድሮ ተመካክራችሁ ጨርሱ፤ ብሩ ደጅ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ምክክር ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው።

በብዛት የሚበላሸው ዕቅዱ ላይ ነው። አብረው መንገድ ሲጠርጉ የከረሙ ሰዎች አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ይጽፍና አንድ ሰፈር በእንጀራ ሻጭ ይሞላል። የሴፍቲኔቱ ሥራ ቀኑን ሙሉ ስለማይወስድ ከሰዓት በኋላውን መሞከሪያ ያድርጉት። በቀን 20 እንጀራ እንኳ ቢሆን ጀምረው ለአንድ ወር ደብተር ይያዙ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ የወጣ ወጪ፣ በእጅ በእጅ የተሸጠ፣ በዱቤ የሄደ፣ ያልተሸጠ። ከ20ው 6ቱ በዱቤ ከሄደ ለነገ ጤፍ የሚሆነው የ14ቱ ብር ብቻ ነው። «አተርፋለሁ» እያሉ ዱቄት መግዣ የሚያጡት ዱቤውን ከሽያጩ ጋር አንድ ላይ የሚጽፉ ናቸው። ዱቤው ካልቀነሰ ሌላ ሥራ ያስቡ፤ ይህን በራስዎ 20 እንጀራ ማወቅ ድጋፉን አውጥቶ ከማወቅ ይረክሳል።

ተቀጥረው መሥራት ከፈለጉ ደግሞ ማስታወቂያ ማየቱን አያቁሙ። «አሁንማ ሥራ አለኝ» ብሎ ፍለጋውን የተወ ሰው ቀኑ ሲያልቅ ከዜሮ ነው የሚነሳው።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለጊዜያዊ ሥራ ገንዘብ ሲያፈስ የሌላው የቀን ሠራተኛ ዋጋ አይወድቅም?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አዲስ አበባ ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ቀድመው የሚጀምሩት ወረዳዎች በዕጣ ስለተለዩ ተመራማሪዎች ማወዳደር ችለው ነበር፤ ፕሮግራሙ ከተማውን ሁሉ ሲያዳርስ የግሉ ዘርፍ ክፍያ 18.6 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚል በስሌት ገመቱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ተጠቃሚዎቹ ጊዜያቸውን ለሴፍቲኔቱ ሲሰጡ ለግል ሥራ የሚቀርበው ጉልበት አነሰ፣ አሠሪም ጨምሮ መክፈል ግድ ሆነበት። ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ ያልገባውም ሠራተኛ ተጠቅሟል። አሠሪው ደስ ላይለው ይችላል።

ጥያቄ፦ ዳቦ ቤት አለኝ። አንድ ድርጅት አምስት ዓመት ያለ ሥራ የቆየ ሰው ለስድስት ወር እንድቀበል ጠየቀኝ፤ ደመወዙን እነሱ ይሸፍናሉ። ጎረቤቶቼ «በሁለተኛው ሳምንት መቅረት ይጀምራል» ይሉኛል። ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ምክንያቱ ግን ስንፍና ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስ የታክሲ ብር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ እንዲከፈል ከድርጅቱ ጋር ይስማሙ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚገባ ፈረቃ ላይም አይመድቡት፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ አያገኝም። ሲቀር በዚያው ቀን ደውለው ምን እንደገጠመው ይጠይቁ፤ ቁጣው ይቆይ።

ሰዓቱን ደረጃ በደረጃ ይጨምሩ፦ ሁለት ሳምንት 4 ሰዓት፣ ሁለት ሳምንት 6፣ ከዚያ 8። በኦስትሪያዋ ትንሽ ከተማ ግራማትኖይዚድል እ.ኤ.አ. በ2020 ከዓመት በላይ ሥራ ላጡ ነዋሪዎች ሥራ ዋስትና ሲሰጥ እንኳ ቅድሚያ የሁለት ወር ያህል ዝግጅት ነበረው። የሚያሠራው ሰው አንድ ብቻ ይሁን። ሦስት ሰው የሚያዘው አዲስ ሠራተኛ ማንንም አያስደስትም።

በመጀመሪያው ወር ዱቄት መንፋት፣ ፎርማ ማጠብና መቀባት፣ በሁለተኛው ሊጥ መመዘን ይማር። ማቡኪያ ማሽኑና ምድጃው ከዚያ በኋላ ይምጡ። ሚዛኑ ላይ አብረው ይቁሙ። ሊጥ ሲጋገር ክብደት ስለሚያጣ ለ100 ግራም ዳቦ 115 ግራም ያህል ይቆረጣል። እጁ 120 ከለመደ በ1,000 ዳቦ 5 ኪሎ ሊጥ ሄደ ማለት ነው። «ታባክናለህ» ከማለት ይልቅ አሥሩን ቁራጭ መልሶ እንዲመዝን ያድርጉት።

ነጻ ጉልበት መጣ ብለው ነባር ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ፤ ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሁለቱንም ያጣሉ። አሠሪው እርስዎ ነዎት ወይስ ድርጅቱ፣ በማሽን ቢጎዳስ ማን ያሳክማል የሚለውን ሳይጽፉ አያስጀምሩ። የሙከራ ጊዜ ካለ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም።

አራተኛው ወር ሲያልቅ ይቀጥል እንደሆነና እንዳልሆነ ቁርጡን ይንገሩት። የማይቀጥል ከሆነ በሳምንት ግማሽ ቀን ለሥራ ፍለጋ ይልቀቁት። ሲወጣ የሥራውን ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው። እዚያ ላይ «ታታሪ ነው» ብቻ ከሚሉ «ሊጥ ይመዝናል፣ ማቡኪያ ማሽን ያሠራል» ብለው ይጻፉ፤ ቀጣዩ ዳቦ ቤት የሚፈልገው እሱን ነው።