የብሩስ ቤተሰብ ስም፣ ከኖርማንዲ እስከ ጎንደር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን መቀበል ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ይልቅ የሚከብደው ግን ስም መጋራት ዘር መጋራት አለመሆኑ ነው፤ ይህን ማስጠንቀቂያ ደግሜ ደጋግሜ እንደማነሣው ከወዲሁ ዕወቁልኝ።

ከባሕር ዳር የቀረበ ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ግሽ ዓባይ ድረስ የመጣው ጀምስ ብሩስ ከስኮትላንዱ ንጉሥ ከሮበርት ብሩስ ቤት ነው ሲባል እሰማለሁ። ለመሆኑ ስሙ የስኮትላንድ ነው ወይስ የፈረንሳይ?

መልስ፦ ስሙ የኖርማንዲ ነው። በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በኮታንታን ልሳነ ምድር፣ ከሼርቡር ከተማ በስተደቡብ፣ ዛሬ ብሪክስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በመካከለኛው ዘመን ሰነዶች ስሟ «ብሩስ»፣ «ብሩይስ» እየተባለ በተለያየ ሁኔታ ተጽፏል። «ሮበርት ደ ብሩስ» ማለትም የብሩሱ ሮበርት ማለት ብቻ ነበር። ስለ ጀምስ ብሩስ የጠየቁትን ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ መልሱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም።

ከአዲስ አበባ፦ እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። የእነርሱ ስም እንዴት ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይለወጥ ኖረ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የኖርማን ባላባት ከስሙ በኋላ የሚጠራው የሚገዛውን መሬት ወይም የመጣበትን ስፍራ ነበር። በመጀመሪያ ይህ መጠሪያ ከሰውየው ጋር የሚሞት ነበር፤ አንድ አባት በአንድ መንደር፣ ልጁም በሌላ መንደር ስም ሊጠሩ ይችሉ ነበር። መጠሪያው የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚጸናው ከመሬቱ ሲላቀቅ ነው፤ ማለትም ቤተሰቡ በሌላ አገር ሌላ ጉልት ይዞ እያለ በቀድሞው መንደር ስም መጠራቱን ሲቀጥል ነው።

በብሩሶች ይህ የሆነበትን ጊዜ ከሰነድ መከተል ይቻላል። በ1142 ገደማ የሞተው የመጀመሪያው ታላቅ ሮበርት ደ ብሩስ በእንግሊዝ አገር በዮርክሸር፣ በስኮትላንድ ደግሞ በአናንዴል ጉልት ነበረው። የዮርክሸሩን ለበኩር ልጁ ለአዳም፣ የአናንዴሉን ለታናሹ ለሮበርት አወረሰ። አዳም መቀመጫው ስኬልተን ቢሆንም «የስኬልተኑ» አልተባለም፤ ሮበርትም «የአናንዴሉ» ተብሎ አልቀረም፤ ሁለቱም ደ ብሩስ ሆነው ቀጠሉ። ሁለት ወንድማማቾች በሁለት መንግሥታት ሥር እየኖሩ አንዳቸውም በማይኖሩበት በሦስተኛ አገር መንደር ሲጠሩ፣ ያ መጠሪያ ከእንግዲህ የቦታ ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ሆኗል ማለት ነው። የዮርክሸሩ ቤት በ1272 ፒተር ደ ብሩስ ያለ ልጅ ሲሞት ለአራት እኅቶቹ ተከፍሎ አበቃ። ስሙን ያሻገረው የታናሹ ቤት ነው።

ከለንደን፦ የብሩስ ቅድመ አያት በ1066 ከድል አድራጊው ዊሊያም ጋር ባሕር ተሻግሮ በሄስቲንግስ ተዋግቷል ብዬ አንብቤአለሁ።

መልስ፦ ብዙ ቦታ ተጽፏል፤ የዘመኑ ማስረጃ ግን የለውም። በሄስቲንግስ ተዋጉ የሚባሉትን የሚዘረዝሩት «የባትል ገዳም መዝገቦች» ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ትውልድ አልፎ የተጠናቀሩ ናቸው፤ በየጊዜው የገነኑ ቤተሰቦች ስም እየተጨመረባቸው መጥቷል። በ1086 የተጠናቀረው የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ፣ ዱምስዴይ የሚባለው፣ የብሩስን ጉልት ይዟል ብለው የሚከራከሩም አሉ። እውነት ነው፣ ይዟል፤ ነገር ግን ያ ክፍል ዋናው መዝገብ ከተጻፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ በባዶ ቦታ ላይ የተጨመረ ነው። በዚህ ላይ ከብሪዩዝ መንደር የወጣውና በዱምስዴይ በእርግጥ የተመዘገበው የዊሊያም ደ ብሪዩዝ ቤተሰብ ከብሩስ ጋር ስለሚምታታ ስሕተቱ ይባባሳል። ብሪዩዝና ብሪክስ ሁለት የተለያዩ መንደሮች፣ የሁለት ቤተሰቦች መነሻ ናቸው።

ብሩሶች የመጡት በዊሊያም ሳይሆን በልጁ በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሄንሪ ገና ሳይነግሥ፣ በ1088፣ ኮታንታንን ከወንድሙ ከመስፍኑ ሮበርት በገንዘብ ገዝቶ አስተዳድሯል፤ ስለዚህ የታመኑለት ባላባቶች ከዚያው ልሳነ ምድር የተገኙ ነበሩ። በ1100 ነገሠ፤ በ1106 በታንሽብሬ ጦርነት ወንድሙን ማርኮ ኖርማንዲን ጠቀለለ። ከዚያ በኋላ በሰሜን እንግሊዝ ሰፊ መሬት የሰጠው ለእነዚሁ ለሚያውቃቸው የኮታንታን ሰዎች ነው፤ የብሪክሱ ሮበርትም አንዱ ነበር። ከወራሪው ጦር ጋር የመጣ ሳይሆን በንጉሥ ታምኖ ያደገ ቤተሰብ ነው።

ከሜልበርን፦ በአንድ የዘር ሐረግ ሰንጠረዥ ላይ ግን በ1066 የመጣ አንድ ሮበርት ብሩስ በ1094 እንደሞተ ተጽፏል።

መልስ፦ ከላይ የመለስኩትን እባክዎ ያንብቡ። ሰንጠረዡ የጠቀሰውን የዘመኑን ሰነድ ካላሳየ ሰንጠረዡ ራሱ ማስረጃ አይሆንም። ከብዙ ቅጂዎች አንዱን መጥቀስ ዋናውን ሰነድ ማግኘት አይደለም።

ከኦስሎ፦ ስሙ ከኦርክኒ ደሴቶች ገዥ ልጅ ከብሩሲ ወጥቷል፣ ስለዚህም ቤተሰቡ ቫይኪንግ ነው የሚለውስ?

መልስ፦ ይህ የቃላት ድምፅ መመሳሰልን ይዘው የኋላ ዘመን የዘር ሐረግ ጸሐፊዎች ያበጁት ነው። በኦርክኒው ብሩሲና በብሪክስ መንደር መካከል የሚያገናኝ ሰነድ የለም። ኖርማንዲ በ911 ለሮሎ ከተሰጠ በኋላ፣ ኮታንታንም በ933 ከተጨመረበት በኋላ፣ የሰሜን ሰዎች እንደ ሰፈሩባት የታወቀ ነው፤ ይህ ግን የአንድን የተወሰነ ቤተሰብ አባት አይነግረንም።

ከዱባይ፦ ስለ ብሩስ ቤተሰብ ሙሉ ታሪክ ቢያስረዱን።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። የትኛው ቅርንጫፍ፣ የትኛው ዘመን እንደሆነ ለይተው ይጠይቁኝ።

ከአዲስ አበባ፦ ከኖርማን ባላባትነት ወደ ስኮትላንድ እንዴት ተሻገሩ? በጦርነት ነው?

መልስ፦ በግብዣ ነው፤ ከታሪካቸው ሁሉ እኔ በጣም የምወደውም ይህ ምዕራፍ ነው። የስኮትላንዱ ልዑል ዳዊት ያደገው በእንግሊዝ፣ በእኅቱ ባል በቀዳማዊ ሄንሪ ቤተ መንግሥት ነው። እዚያም ከኖርማን ባላባቶች ጋር ተዋወቀ። በ1124 ሲነግሥ ወዲያው ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ለሮበርት ደ ብሩስ በስኮን ከተማ የሰጠው የአናንዴል ቻርተር፣ ማለትም የመሬት ስጦታ ሰነድ፣ ነው። ቻርተሩ አጭር ነው፤ መሬቱን ከኒትስዴሉ ገዥ ከዱኔጋል ወሰን ጀምሮ በእንግሊዝ በኩል እስከ ራኑልፍ መስሺን ወሰን ድረስ ብሎ ይከልላል። የደቡብ ምዕራብ በር ጠባቂ ማድረጉ ነበር።

የቻርተሩን መክፈቻ ልብ በሉልኝ። ንጉሡ ሰላምታውን የሚያቀርበው «ለባሮኖቹ፣ ለሰዎቹና ለወዳጆቹ፣ ለፈረንሳውያንና ለእንግሊዛውያን» ነው። የስኮትላንድ ንጉሥ በስኮትላንድ ምድር ጉልት ሲሰጥ ስኮቶችን በስም አልጠቀሰም። የኋለኛው ዘመን የስኮትላንድ ነጻነት ምልክት የሆነው ቤተሰብ ወደ አገሪቱ የገባው በዚህች አንቀጽ ነው። ይህን ቻርተር ሳያነቡ ስለ ብሩሶች «ጥንታዊ የስኮትላንድ ደም» የሚጽፉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

የሁለት ጌቶች አገልጋይ መሆኑም ዋጋ አስከፈለው። በነሐሴ 1138 ዳዊት እንግሊዝን በወረረ ጊዜ፣ በኖርዘለርተን አቅራቢያ በተደረገው «የስታንዳርድ ጦርነት» ዋዜማ፣ ሽማግሌው ሮበርት ወደ ንጉሡ ሰፈር ሄዶ እንዲመለስ ለመነው፤ ዳዊት እምቢ ሲል የታማኝነት ቃሉን መልሶለት ከእንግሊዞች ጎን ተሰለፈ። ታናሹ ልጁ ግን በዳዊት በኩል ነበር። አናንዴል በልጁ እጅ የቀረው እንዲህ ነው።

ከለንደን፦ ታዲያ ዘውዱን እንዴት አገኙ?

መልስ፦ በጋብቻ መብቱን፣ በጦርነት ዘውዱን። አራተኛው ሮበርት የንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ የሆነችውን ኢዛቤላን አገባ፤ ልጃቸው፣ «ተከራካሪው» የሚባለው፣ በዚያ በኩል ዙፋኑን ጠይቆ በ1292 በጆን ቤሊየል ተረታ። የእርሱ የልጅ ልጅ፣ ንጉሥ የሆነው ሮበርት ብሩስ፣ በየካቲት 1306 ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን በደምፍሪስ ገደለ፤ በመጋቢት በስኮን ነገሠ፤ በ1314 እንግሊዞችን በባኖክበርን ድል አደረገ። ቀሪውን ማንኛውም የስኮትላንድ ታሪክ መጽሐፍ ይነግርዎታል።

ከቶሮንቶ፦ የንጉሥ ሮበርትን ልብ ወደ ቅድስት አገር ይዘው ሲሄዱ ስፔን ላይ ስለ ሆነው ነገር ቢነግሩን?

መልስ፦ የስሙን ታሪክ አይመለከትም፤ አልፈዋለሁ።

ከቶሮንቶ፦ ብሩስ ሊስ?

መልስ፦ እዚያ ላይ የመጠሪያ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም።

ከጎንደር፦ መምህር፣ የእኛን ብሩስ አይርሱብን። የንጉሥ ዘር ነኝ እያለ በኩራት ይናገር እንደ ነበር ይታወቃል። መጽሐፈ ሄኖክንም ከአገራችን አውጥቶ የወሰደው እርሱ ነው።

ከዋሽንግተን (ለጎንደሩ አባል)፦ ወሰደ አይባልም፤ አስገልብጦና ተሰጥቶት ነው። አውሮፓ መጽሐፉን ያወቀው በእርሱ ምክንያት ነው።

ከጎንደር፦ ክብረ ነገሥቱንስ? ከራስ ሚካኤል ስሑል ያገኘው ስጦታ ነው ቢባል እንኳ፣ ባለሥልጣን የሰጠው ነገር ሁሉ የባለሥልጣኑ የግል ሀብት ነበር?

ከዋሽንግተን፦ በዚያ ዘመን ልማድ ይዳኝ እንጂ በዛሬው አይደለም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ያነሣችሁት ቁም ነገር ነው፤ ራሱን የቻለ ክርክር ስለሚያሻው ግን እዚህ ላይ ይቁም። ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ እንደ ተመለሰ፣ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለኦክስፎርዱ ቦድሊያን እንደ ሰጠ የታወቀ ነው።

ወደ ስሙ ልመለስ። ጀምስ ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ገብቶ፣ በአጼ ተክለ ሃይማኖትና በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ያዕቆብ ተብሎ የኖረው ሰው፣ የኪኔርድ ብሩስ ነው። የኪኔርድ ርስት ግን ወንድ ወራሽ አጥቶ በሴት ልጅ፣ በሔለን ብሩስ እጅ ገብቶ ነበር። የዉድኮክዴሉ ዴቪድ ሄይ ሔለንን ሲያገባ የብሩስን ስምና አርማ ወሰደ። ተጓዡ የእነዚህ የልጅ ልጅ ነው። እንግዲህ በወንድ መስመር ሲቆጠር ጀምስ ብሩስ ሄይ ነው። ሄይም ከዚያው ከኮታንታን፣ ላ ኤ ከሚባል ስፍራ የወጣ ሌላ የኖርማን ቤተሰብ ስም ነው። ከመጀመሪያ ጀምሮ ስም መጋራት ዘር መጋራት አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ በአያቱ በኩል የብሩስ ደም ቢኖረውም ስሙን ያስተላለፈው ደም ሳይሆን የርስት ውል ነው።

በሔለን በኩል ያለው ብሩስነትም ቢሆን ከንጉሥ ሮበርት አይወርድም። የንጉሡ ልጅ ዳግማዊ ዳዊት በ1371 ያለ ልጅ ሞተ፤ ዘውዱ በእኅቱ በማርጆሪ በኩል ወደ ስቱዋርት ቤት ሄደ። የኪኔርድም ሆነ የኤልጂን መሳፍንት ብሩሶች የሚወጡት ከክላክማናን ቅርንጫፍ ነው። ዳግማዊ ዳዊት በ1359 ክላክማናንን ለአንድ ሮበርት ብሩስ ሲሰጥ «የተወደደ ዘመዳችን» ብሎታል። ዘመድነቱ በዚህ ቃል ተረጋግጧል፤ በስንተኛ ትውልድ እንደሚገናኙ ግን ቻርተሩ አልተናገረም፤ ማንም በግምት ሞልቶ እንዲጽፈው አልፈቅድም።

ከሜልበርን፦ የብሩስ ቤተሰብ አርማን ገዝቼ ግድግዳዬ ላይ ብሰቅል ስሕተት አለው?

መልስ፦ በስኮትላንድ ሕግ አርማ የአንድ የተወሰነ ሰው እንጂ የስሙ ባለቤቶች ሁሉ አይደለም። ሎርድ ላየን የሚባለው ሹም ነው የሚፈቅደው።

ከዱባይ፦ ብሩስ የሚባሉ ሁሉ የንጉሡ ዘር ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደሉም። ለሦስተኛ ጊዜ እየመለስኩ ነው።

ከኤድንበራ፦ መምህር፣ የልጄ ባል ብሩስ ነው፤ የልጅ ልጆቼ በኢትዮጵያ ሥርዓት ሰባት ቤት እንዲቆጥሩ እፈልጋለሁ፤ በእናታቸው በኩል ያለውን ራሴ አስተምሬአቸዋለሁ። በአባታቸው በኩል ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ትክክለኛውን መንገድ ይዘዋል። ከንጉሡ ወደ ታች ሳይሆን ከልጆቹ ወደ ላይ ይቁጠሩ። የስኮትላንድ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በሕግ ግዴታ የሆነው በ1855 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የእያንዳንዱን አያትና ቅድመ አያት ስም ከነእናቶቻቸው በቀላሉ ያገኛሉ። ከዚያ በፊት የየደብሩ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች አሉ፤ ክፍተት ግን ይበዛባቸዋል። ቤተሰቡ መሬት ከነበረው ከ1617 ጀምሮ የተያዘው የመሬት ዝውውር መዝገብ ይረዳዎታል። በየትውልዱ የእናቲቱን የቤተሰብ ስም ሳይመዘግቡ አይለፉ፤ ስሙ በሴት በኩል መተላለፉ የሚታወቀው በዚያ ነው። የልጅዎን ባል አያት የትውልድ ደብርና ዓመት ሲያገኙ ይጻፉልኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን እንፈልጋለን።