«ድብርቱ ለቀቀኝ፤ ኪሎዬ ግን አልቆም አለ»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ዓለሙ ሁሉ ጨለመብኝ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ልጄን ማቀፍ እንኳ ከበደኝ። ሐኪም ድብርት ነው ብሎ አሚትሪፕቲሊን ጀመረልኝ። መጀመሪያ 25 ሚሊግራም ነበር፤ አሁን ማታ ማታ 75 እወስዳለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ተሽሎኛል፤ ሥራዬም ተመልሻለሁ። ችግሬ ኪሎዬ ነው። ስጀምር 58 ነበርኩ፤ በ8 ወር ውስጥ 69 ገባሁ። አፌ ይደርቃል፤ ለስላሳ ካልጠጣሁ አልረካም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ጨለማ ውስጥ ከመሶብ እንጀራ እቆርሳለሁ። ሰው ሁሉ «ተመቸሽ!» ይለኛል፤ እኔ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ «ክኒኑን ተይው» ብላ የማቅጠኛ ሻይ ላከችልኝ። ይሄ ነገር ከመድኃኒቱ ነው ወይስ ከሆዳምነቴ? ባቆመውስ? ሻዩንስ ልጠጣው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ እናትዎን ነፍስ ይማር። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም የቆምኩት «ሆዳምነቴ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እባክዎ ይህን ቃል ይተዉት። የሚወስዱት መድኃኒት ረሃብን ከሚጨምሩት የድብርት መድኃኒቶች ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። ሌሊት መሶቡ ጋ የሚወስድዎት የጸባይ ጉድለት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሯችን ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በአለርጂ ነው፤ አእምሮ ውስጥ ግን ሌላ ሥራ አለው። ነቅተን እንድንቆይ ያደርጋል፤ «በቃ ጠግቤያለሁ» የሚለውን መልእክትም ያግዛል። አሚትሪፕቲሊን ሂስታሚን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋዋል። በዚህ የተነሳ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል፤ እንቅልፍ እና ረሃብ። እንቅልፍ ላጣ ሰው የመጀመሪያው በረከት ነው። ሁለተኛው ግን ቀስ ብሎ ይመጣና ቀሚስ ሲጠብ ነው የሚታወቀው። በተለይ ጣፋጭና እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ የመሳሰለው ምግብ ያምራል። ታካሚዎቼ «ሆዴ ሞልቶ አፌ ይርበዋል» ይሉኛል። ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁለትም።

የአፍ መድረቁም የዚሁ መድኃኒት ሥራ ነው፤ ምራቅን ይቀንሳል። እርስዎ ለዚህ የመረጡት መፍትሔ ለስላሳ ሆነ። አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። በቀን አንድ ብቻ ቢጠጡ በወር ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ስኳር ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ከሱቅ ገዝተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ይዩት። ምራቅ ባነሰበት አፍ ደግሞ ያ ስኳር ጥርስንም ቶሎ ያበላሻል። ከነገ ጀምሮ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ከእጅዎ አይለይ፤ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ይጎንጩ። ስኳር የሌለው ማስቲካም ምራቅ ያመጣል። ከምመክርዎት ሁሉ ቀላሉ ይሄ ነው፤ ውጤቱም ቶሎ ይታያል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። እናትዎ ከመታመማቸው በፊት ስንት ኪሎ ነበሩ? ድብርት ሲጀምርዎ ምግብ አስጠልቶዎት ነበር። ስለዚህ 58 የተለመደው ክብደትዎ ላይሆን ይችላል፤ በሐዘን የከሳ ሰው ክብደት ሊሆን ይችላል። ቀድሞ 62 ከነበሩ ከ11ዱ ኪሎ 4ቱ የራስዎ ናቸው፤ ወደ ቤታቸው ተመለሱ እንጂ አልጨመሩም። የድሮ የሕክምና ካርድዎ ላይ ክብደት ተጽፎ ከሆነ ይፈልጉት። ከሌለ ያን ጊዜ ልክዎ የነበረ ቀሚስም ይነግረናል።

ሌላም መጣራት ያለበት ነገር አለ። በየ3 ወሩ የሚሰጠውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ይወስዳሉ? እሱም አንዳንድ ሴቶች ላይ ኪሎ ይጨምራል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ተብሎ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ክኒን ይወስዳሉ? ብርድ ይሰማዎታል? ሆድዎ ይደርቃል? ፀጉርዎ ይነቃቀላል? የእንቅርት ዕጢ፣ ማለትም ታይሮይድ፣ ሲዳከም ኪሎም ይጨምራል፣ ድብርትም ያመጣል። በደም ምርመራ ይታወቃል። የሆድ ድርቀት ግን ከአሚትሪፕቲሊኑም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን አያስደነግጥዎት። እርግዝና የሚያጠራጥር ከሆነም በጊዜ ይመርመሩ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ባቆመውስ ብለዋል።

ከዓመታት በፊት አንዲት አስተማሪ ታካሚ ነበረችኝ። ከከባድ ድብርት ወጥታ ክፍሏ ተመልሳ ነበር። በየወሩ ስትመጣ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ስሜትሽስ?» እላታለሁ። «ደህና ነው» ትለኛለች። መድኃኒቱን እጽፋለሁ፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን እህቷ ደግፋ አመጣቻት። ሳትታጠብ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። ለካ ክኒኑን በአንድ ቀን ካቆመችው ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ለምን ስላት ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የቀሚሷን ጎን አሳየችኝ። ስፌቱ ሁለት ጊዜ ተለቆ ተሰፍቷል። ያን ሁሉ ወር ሚዛን ላይ ቁሚ ብያት አላውቅም፤ ስለ ኪሎም ጠይቄያት አላውቅም። ስህተቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የድብርት መድኃኒት የምጽፍለትን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አቆማለሁ፤ በየቀጠሮውም እመዝናለሁ።

ስለዚህ ብድግ ብለው አያቁሙት። አሚትሪፕቲሊን በድንገት ሲቋረጥ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ እረፍት ማጣት፣ እንቅልፍ መንሳትና የሚያስፈራ ሕልም ሊያመጣ ይችላል። እሱስ ያልፋል። የባሰው የድብርቱ መመለስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መድኃኒቱ እንዲቀጥል ነው። የእርስዎ 8 ወር የሚቆጠረው ግን ክኒኑ ከተጀመረበት ቀን ነው፤ ከዳኑበት ቀን አይደለም። ገና መሐል መንገድ ላይ ነዎት።

ታዲያ ዝም ብለው ይወፍሩ ማለቴ ነው? በፍጹም። «ዋናው መዳንሽ ነው፤ ኪሎው ምን ያደርግሻል» የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት አይቀበሉት። በ8 ወር 11 ኪሎ ቀላል አይደለም። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጉልበትም ይተርፋል። ነገሩም በራሱ የሚቆም አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 295 ሺህ በሚጠጉ ብሪታንያ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሕክምና መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። የድብርት መድኃኒት የሚወስዱት ከማይወስዱት ይልቅ የክብደታቸውን 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የመጨመር ዕድላቸው በ21 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከሁሉ የገረመኝ ጭማሪው ይበልጥ የታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። እኛ ሐኪሞች ደግሞ ያኔ ነው ሚዛኑን የምንረሳው።

ደስ የሚለው ነገር መድኃኒቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አሚትሪፕቲሊንና ሚርታዛፒን ረሃብ ቀስቃሾች ናቸው። ፓሮክሰቲንም ከዘመዶቹ ከፍሉኦክሰቲንና ከሰርትራሊን ይብሳል። ፍሉኦክሰቲን መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ትንሽ ሊያከሳ ይችላል፤ በረጅም ጊዜ አንዳንዱ ሰው ይጨምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ብዙ አይደለም። ሰርትራሊን ብዙ ሰው ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ቡፕሮፒዮን የሚባለው ኪሎ አይጨምርም፣ ሊቀንስም ይችላል፤ ግን የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም እየበላ ለሚያስመልስ ሰው አይሰጥም። እህትዎ ባለችበት አገር ሐኪሞች ቶሎ የሚያስቡት እነዚህን ነው፤ ምክሯ የመጣው ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም።

ለእርስዎ ከሐኪምዎ ጋር የሚነጋገሩባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው 75ቱ ሚሊግራም አሁንም በሙሉ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ወደ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን መቀየር ነው። እኔ ብሆን ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም ጭማሪው ብዙ ነው፣ ሕክምናውም ገና ወራት ይቀረዋል። መቀየሩ ግን እንደ ልብስ አይደለም። ፍሉኦክሰቲን አሚትሪፕቲሊን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያግድ ሁለቱ ሲደራረቡ የአሚትሪፕቲሊኑ መጠን ደም ውስጥ በጣም ይወጣል፤ ልብን ይነካል። ስለዚህ አንዱ እየተቀነሰ ሌላው የሚገባበትን ቀን ሐኪሙ ይጻፍልዎት። ከጎረቤት ወይም ከፋርማሲ በራስዎ እንዳይጀምሩ።

እስከዚያው ሌሊቱን እንያዘው። ራትዎ ላይ ምስር፣ ሽምብራ ወይም እንቁላል ይኑር፤ ረሃቡን ያዘገያል። ክኒኑን ከራት በኋላ ማታ 2 ሰዓት ገደማ ወስደው ይተኙ። ሌሊት ከነቁ ከራስዎ ጋር አይጣሉ። ቀን ላይ ካሮት ወይም የተቀቀለ ዱባ በትንሽ ሳህን አዘጋጅተው ያስቀምጡ፤ መብራት አብርተው፣ ቁጭ ብለው ይብሉት። ጨለማ ውስጥ ቆሞ የተበላ እንጀራ መጠኑ አይታወቅም።

የሚጾሙ ከሆነም ልብ ይበሉ። ቀኑን ሙሉ ጾመው ማታ ሲበሉ የቀኑ ረሃብና የክኒኑ ረሃብ አንድ ላይ ይደርሳሉ። ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መንገድ አያጡም። ጠበል ከሄዱም ክኒኑን ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በእግር ይሂዱ። ከታክሲ ቀደም ብለው ወርደው በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። እውነቱን ልንገርዎት፣ መድኃኒቱ ረሃቡን እየቀሰቀሰ በእግር ጉዞ ብቻ 11 ኪሎ አይወርድም። ለድብርቱ ግን ራሱን የቻለ ሕክምና ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይመዘኑ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ዘንድም ይሆናል፤ ሚዛኑ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ ይሁን እንጂ። ደብተር ላይ ይጻፉት።

ሻዩን አይጠጡት። ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች ሴና የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ቅጠል አለባቸው። የሚቀንሱት ውኃ ነው፤ ስብ አይነኩም። ተቅማጡ ፖታሲየም ይዞ ይወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ አሚትሪፕቲሊን የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ። ሲቡትራሚን የሚባል የማቅጠኛ መድኃኒት ልብንና ደም ሥርን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል። እስከ ዛሬ ግን «ከዕፅዋት ብቻ» ተብለው በሚሸጡ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መረበሽ የሚያመጣ አደገኛ ሁኔታ ሊፈጥር ይችላል። እህትዎን ያመስግኗት፤ ሻዩን ይጣሉት።

ልጅ አለዎትና ይህን ሳልል አላልፍም። አሚትሪፕቲሊን ለትንሽ ልጅ ጥቂት ክኒንም ገዳይ ሊሆን ይችላል። ቦርሳ ውስጥ ወይም ትራስ ሥር አይኑር፤ ቆልፈው ያስቀምጡት። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ፣ መድኃኒት በሚቀየርበት ሰሞንም ቢሆን፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ነግረው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

«ተመቸሽ» የሚሉዎት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። በእኛ አገር መወፈር የመመቸት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ በሐዘን ከስተው ያዩዎት ሰዎች ደስታቸውን የሚገልጹት በዚያ ቃል ነው። ቢያምዎትም አይፈርዱባቸው። ለቅርብ ሰው ግን «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፤ ስለ ኪሎዬ ባታነሺብኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይችላሉ።

ቀጠሮዎ እስኪደርስ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ደብተሩን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ ያ የድሮ ካርድ ከተገኘም እሱን ይዘው ይግቡ። ሲቀመጡ እንዲህ ብለው ይጀምሩ፦ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ጠቅሞኛል፤ ማቆም አልፈልግም። ግን በ8 ወር 11 ኪሎ ጨምሬያለሁ፤ ሌሊት ይርበኛል። ልንቀይረው እንችላለን ወይ?»